ግሬዴ ጥሩ ነው፣ ዋርድ ስገባ ግን ባዶ ነኝ

ጥያቄው፦ «ሲስተር፣ የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ግሬዴ 3.6 ነው። ዋርድ ስገባ ግን ምንም የማላውቅ ይመስለኛል። አንድ ዋርድ ላይ ሃያ ምናምን ሆነን ነው የምንመደበው። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) በራሴ እጅ የሠራሁት ሦስት ጊዜ ነው፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አንድ ጊዜ። እጄ ይንቀጠቀጣል። የዋርዱ ነርሶችም ‹ዞር በሉ› ይሉናል። አሁን የመውጫ ፈተናው እየደረሰ ስለሆነ አታችመንቱን (የሆስፒታል ልምምዱን) ትቼ ንባብ ላይ ላተኩር? ፕራክቲሱን ስቀጠር እለምደዋለሁ ብዬ ነው። ጓደኛዬ ከተመረቅን በኋላ የግል ክሊኒክ ገብተን ስድስት ወር በነፃ እንሥራና እጃችንን እንፍታ ትላለች። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ ‹ዋናው ፈተና ማለፍ ነው፣ ሌላው ይደርሳል› ትለኛለች። የማንን ልስማ?»

አታችመንቱን አትተዪ። የማንኛችሁንም ሐሳብ አልቀበልም፤ ያንቺንም፣ የጓደኛሽንም፣ የአክስትሽንም። ሦስታችሁም ፈተናን ለብቻ፣ ዋርድን ለብቻ አድርጋችሁ ነው የያዛችሁት። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ እጅሽ እናውራ፣ ጭንቀትሽ ሁሉ እዚያ ላይ ስለሆነ።

የእጅ መንቀጥቀጥ ከችግሮችሽ ሁሉ ትንሹ ነው። ሦስት ጊዜ ካኑላ የሠራ ሰው ይንቀጠቀጣል። ሃምሳ ጊዜ የሠራ አይንቀጠቀጥም። በቃ። ሥራ በጀመርሽ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዴት ትፈሪ እንደነበር ራሱ ትረሺዋለሽ። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካኑላ አለ፣ ካቴተር አለ፣ ግሬድ አለ፣ ፈተና አለ። በሽተኛ የለም። «እኔ የያዝኳቸው እናት» ብለሽ የምታነሺው አንድ ሰው እንኳን የለም።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ትምህርቱ ራሱ እንዲህ እንድትቆጥሪ አድርጎሻል። ሎግ ቡክ (የሠራሽው የሚመዘገብበት ደብተር) ይሰጥሻል፣ ፕሮሲጀር (እንደ ካኑላ ያለ የእጅ ሥራ) ትሠሪያለሽ፣ ይፈረምልሻል፣ ቀጣዩን ፍለጋ ትሄጃለሽ። ሎግ ቡኩ ሲሞላ የተዘጋጀሽ ይመስልሻል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ የከሰርሽ። ለሥራው የተዘጋጀች ነርስ የምላት ግን አንድን ሰው ከተረኛነት መግቢያ እስከ መውጫ ይዛ፣ ሲለወጥ የምታይ፣ ለውጡንም ለሚመለከተው በሰዓቱ የምትናገር ናት። ካኑላው እዚያ ውስጥ ካሉት ሥራዎች አንዱ ነው።

ለብዙ ዓመት ሜዲካል ዋርድ ሠርቼ ነው ወደ ማስተማር የመጣሁት። ተማሪ ይዤ ስገባ መጀመሪያ የማየው የቫይታል ሳይን ወረቀቱን ነው፣ ሙቀት፣ ግፊት፣ ትንፋሽ የሚጻፍበትን። በአንድ ሆስፒታል የትንፋሹ ዓምድ ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20፣ 20 ይል ነበር። ሠላሳ አልጋ፣ ሠላሳ ሰው፣ ሁሉም በደቂቃ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳሉ። ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። የጤነኛ አዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ስለሆነ 20 ብሎ መጻፍ ማንንም አያስጠይቅም።

አንድ ቀን አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አንድ አባት አልጋ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ዝምተኛ ልጅ ናት፣ መርፌ ስትይዝ ከሁሉም ተማሪ የምትፈራ። ሌሎቹ ጨርሰው ወጥተዋል። «ምነው፣ አልጨረስሽም?» አልኳት። «34 መጣብኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ እንደገና እየቆጠርኩ ነው» አለችኝ። አብሬያት ቆጠርኩ። አልተሳሳተችም። ሰውየው ሙቀታቸው 37.4 ነው፣ ግፊታቸው ደህና ነው፣ ይጫወታሉ። ግን ሁለት ሦስት ቃል ይሉና አየር ይስባሉ፣ ደግሞ ሁለት ቃል ይላሉ። ሐኪም ተጠራ፣ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ራጅ ተነሡ፣ መድኃኒታቸው ተቀየረ። ከሳምንት በኋላ በእግራቸው ወጡ። ያን ቀን ዋርዱ ውስጥ ነርስ የነበረችው እሷ ናት። አንድ ሙሉ ደቂቃ ስለቆመች ነው። ትንፋሽ ብዙ ጊዜ ከግፊት ቀድሞ ይናገራል፣ የሚሰማው ካገኘ።

ይሄን ለማድረግ የማይንቀጠቀጥ እጅ አያስፈልግሽም። ሰኮንድ የምትቆጥር ሰዓት ይበቃሻል።

ለምን እዚህ ደረስን? አገራችን ውስጥ የነርስ ትምህርት ሥሩ ሆስፒታል ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው በስደት ዘመን የሠለጠኑት ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ነው። በስማቸው የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታልም የራሱ የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ደግሞ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየወረዱ ነበር የሚማሩት። ዛሬ ቲቲፒ የምትሉት የቡድን ልምምድ፣ ብዙዎቻችሁም እንደ ዕረፍት የምታዩት፣ የዚያ ወራሽ ነው። ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ፊዚዮሎጂውን፣ ፋርማኮሎጂውን፣ ምርምሩን ያገኘነው ከዚያ ነው፣ ወደ ድሮው እንመለስ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ግን በመንገድ ላይ አንድ ነገር ጣልን። የድሮዋ ተማሪ የዋርዱ ሰው ነበረች። አንቺ እንግዳ ነሽ።

በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹ በዙ፣ ተማሪው በዛ፣ አልጋው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። አስተማሪው ብዙ ጊዜ ራሱ ትናንት የተመረቀ፣ ዋርድ ላይ አንድ ዓመት እንኳን ያልሠራ ልጅ ነው። የዋርዷ ነርስ ደግሞ እናንተን እንድታስተምር ይጠበቅባታል እንጂ ለዚያ ሰዓት አልተሰጣትም፣ ክፍያም የላትም። አንቺ «ዞር በሉ» ስትባይ የሚሰማሽ ንቀት ነው። እሷ ዘንድ ያለውን ደግሞ እይው። ብቻዋን ከአሥር በላይ በሽተኛ ይዛለች፣ የ3 ሰዓት መድኃኒት አልደረሰም፣ ራውንድ (የሐኪሞቹ ጉብኝት) ሊጀመር ነው፣ አንዱ አልጋ ላይ ደም እየተሰጠ ነው። በዚህ መሃል ሃያ ነጭ ጋዋን ይገባል። 3 ሰዓት ትመጣላችሁ፣ ርክክቡ አልፏል። 5 ሰዓት ተኩል ትወጣላችሁ፣ የሠራችሁት ነገር ውጤቱ ሳይታይ። ለእሷ ከሥራ ላይ ሥራ ናችሁ። እኔም በቦታዋ ሆኜ «ዞር በሉ» ብያለሁ። ትክክል አልነበረም፣ ግን ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ለቀሩሽ የአታችመንት ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። አንድ በሽተኛ ያዢ። አንድ። ሙሉ ተረኛነት፣ ቢቻል ሦስት ቀን በተከታታይ። ፕሮሲጀር ማሳደዱን አቁሚ።

ጠዋት ከርክክቡ በፊት ድረሺ። የዋርዷን ኃላፊ «ሲስተር፣ የአልጋ 7ን እናት ዛሬ እኔ ልያዛቸው? ቫይታላቸውን፣ ግሉኮሳቸውን፣ ሽንታቸውን እኔ እከታተላለሁ፣ መድኃኒቱን ከእርስዎ ጋር እሰጣለሁ፣ ስወጣ አስረክብዎታለሁ» በያት። ይህን ስትሰማ «ዞር በይ» የምትል ነርስ ብዙም አላየሁም። ከሥራዋ ላይ ቀንሰሽላታልና። ሁለተኛው ቀን ላይ «ነይ ካቴተር እንሥራ» ብላ ራሷ ትጠራሻለች። የፈለግሽው ፕሮሲጀር በዚህ በር ነው የሚመጣው።

ከዚያ ሥራው ይጀምራል። ለምሳሌ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል እንበል፣ የማንጠባጠቢያው ቱቦ ደግሞ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጠው ነው። 1000 በ20 ታባዢና ለ480 ደቂቃ ታካፍያለሽ፣ ወደ 42 ጠብታ በደቂቃ ይመጣል። ይህን ክፍል ውስጥ ሠርተሽዋል፣ ፈተናም ላይ አግኝተሽዋል። አልጋው አጠገብ ግን 42ቱን ቆመሽ ስትቆጥሪ አይቆጠርልሽም፣ ስለዚህ በ15 ሰኮንድ አሥር ወይም አሥራ አንድ መሆኑን ትለምጃለሽ። አስተካክለሽ ትሄጃለሽ። እናትየው ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ክንዳቸውን አጥፈው ይተኛሉ፣ ጠብታው ይቆማል። ወይም አስታማሚዋ «ቶሎ እንዲያልቅ» ብላ ትከፍተዋለች። ልባቸው ደካማ ለሆነ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ስሌቱን የሚያውቅ ተማሪ ሞልቷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ የሚያይ ነው የጠፋው።

አስታማሚን ካነሳሁ፣ እባክሽ አውሪያት። ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ የምታድረው ልጅ ከቻርቱ የበለጠ ታውቃለች። «ሌሊት ሲያቃዣቸው ነበር»፣ «ከትናንት ጀምሮ ሽንት አልሄዱም»፣ «ክኒኑን ትራስ ሥር ነው የሚደብቁት»። ይህን ዶክተሩ በራውንድ አይሰማውም። አንቺ ትሰሚዋለሽ፣ ከተቀመጥሽ።

ሌላ ማንም የማያስተምረን ነገር ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ ተምረን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ነው የምናስታምመው። «ኦርቶፕኒያ» ምን እንደሆነ በደንብ ትጽፊያለሽ። አንድ የሰባ ዓመት ገበሬ ፊት ስትቆሚ ግን የሚያስፈልግሽ «አባባ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ስንት ትራስ ይደገፋሉ? ሌሊት አፍኖዎት ይነሣሉ?» ማለት ነው። «ልቤን አመመኝ» የሚሉሽ ሰው ደረታቸውንም ጨጓራቸውንም ሊሆን ስለሚችል ቦታውን በእጃቸው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። «ብርድ ነው» ከወገብ ሕመም እስከ ሳንባ ምች ድረስ ሊሆን ይችላል። የምትመደቢበት አካባቢ ቋንቋው ሌላ ከሆነ ቢያንስ ሠላሳ ቃል ተማሪ፤ ያመኛል፣ ውሃ፣ ሽንት፣ ደም፣ ተንፍስ፣ አይዞህ። ከአንድ ኮርስ በላይ ይጠቅምሻል።

ከዚያ ደግሞ መናገር አለ። ተማሪዎቼ በሽተኛ መባሱን አይተው ሐኪም ሲጠሩ «ዶክተር፣ አልጋ 7 ደህና አይደሉም» ነው የሚሉት። ዶክተሩ «እሺ፣ እመጣለሁ» ይላል፣ ሌላ አልጋ ላይ ይቆያል። ቢፈረድበትም ምን እንደሆነ አልተነገረውም። እንዲህ በይ፦ «ዶክተር፣ አልጋ 7 ያሉት የ62 ዓመት እናት፣ በልብ ድካም የገቡት፣ ትንፋሻቸው ጠዋት 22 ነበር፣ አሁን 32 ነው። ኦክስጅናቸው ከ94 ወደ 86 ወርዷል። ሳንባቸው ውሃ እየያዘ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ እስከዚያ ቀና አድርጌያቸዋለሁ፣ ግሉኮሱን ላቁመው?» ማን ናቸው፣ ምን ነበር፣ አሁን ምን ሆነ፣ ምን እፈልጋለሁ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። እቤት ሆነሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው፣ አላፍርብሽም፣ እኔም እንደዚያ ነው የለመድኩት። ተማሪ ስለሆንሽ መጀመሪያ የምትነግሪው ለያዘችሽ ነርስ ነው። ካልሰማችሽ ድገሚላት።

አሁን ወደ ፈተናው። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ግዴታ ነው፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ቀላል ነው አልልሽም፣ ማንበብ አለብሽ። ግን የነርስ ፈተና ላይ ተማሪን የሚጥለው ትርጉም የሚጠይቀው ጥያቄ አይደለም። «ከቀዶ ሕክምና በወጣ በሁለተኛው ሰዓት የልብ ምቱ 124፣ ግፊቱ 88/50 ሆኗል። ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ?» የሚለው ነው የሚጥለው። አራቱም ምርጫ ትክክል ይመስላል። ቁስሉን ገልጦ፣ አንሶላውን ከጀርባ በኩል ደባብሶ ደም ያየ ሰው አይደናገርም። በደረቁ የሸመደደ ይደናገራል።

አክስትሽን አከብራታለሁ፣ ግን የአሜሪካውም ፈተና ራሱ ወደዚህ ነው የሄደው። የነርስ ፈቃድ ፈተናቸው ኤንክሌክስ በአውሮፓውያኑ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ተቀይሯል። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ነው፣ እንደ መላሹ ይከብዳል ይቀላል፣ አሁን ደግሞ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ደረጃ በደረጃ እየተገለጠ ይቀርባል። ምን አየሽ? ምን ማለት ይመስልሻል? የቱ ይቀድማል? ምን ታደርጊያለሽ? ሠራ ወይስ አልሠራም? አልጋ 7 አጠገብ የምትሠሪው ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ንባብሽን ከዋርዱ ጋር እሰሪው። ቀን የልብ ድካም ያለባቸውን እናት ከያዝሽ ማታ የልብ ድካምን አንብቢ። ሽንት የሚያበዛው ፉሮሰማይድ ለምን ፖታሲየም ያወርዳል? ለምን በየቀኑ ይመዘናሉ? የልብ መድኃኒቱን ዲጎክሲን ከመስጠትሽ በፊት የልብ ምት ለምን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ? ከ60 በታች ቢሆንስ? ከአንድ ሰው ሠላሳ ጥያቄ ይወጣል፣ መልሱም ፊት አለውና አይረሳም። ጠዋት ዋርድ፣ ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት ንባብ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ለክለሳና ለድሮ ጥያቄዎች ልቀቂ፣ በዚያ ላይ አልከራከርሽም።

እጅሽን ለማፍታታት ግን ሥራ እስክትቀጠሪ መጠበቅ የለብሽም። የስኪል ላቡን (የመለማመጃ ክፍሉን) ቁልፍ ከያዘው ሰው ጋር ተስማሚና ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግቡ። ማኒኪኑ (የመለማመጃው አሻንጉሊት) ላይ አንዷ ትሥራ፣ አንዷ ቼክሊስቱን ታንብብ፣ ተለዋወጡ። ካኑላ በብዛት የሚሠራው ድንገተኛ ክፍል ስለሆነ እዚያ ማታ ተረኛነት ጠይቂ። ማታ ሃያ ተማሪ የለም። ለአስተባባሪያችሁም በቡድን ሆናችሁ «ሃያችንም ጠዋት ከምንገባ በጠዋት፣ በከሰዓትና በማታ ይክፈሉን» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ብር የማይጠይቅ ነገር ነው።

ጥቂት ጥንቃቄዎች፣ እነዚህን አልደራደርባቸውም። ያልሠራሽውን ሎግ ቡክ ላይ አታስፈርሚ። ነርስ አጠገብሽ ሳትኖር መድኃኒት በደም ሥር አትስጪ፣ «አንቺ ስጪው፣ እኔ እፈርማለሁ» ብትባይም። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር በፍጹም አይገፋም፣ ልብ ያቆማል፤ ይሄን የማያውቅ ሰው ቢያዝሽም እምቢ በይ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልጨረስሽ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ሦስት ዙር ነው፣ በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ይወስዳል። መርፌ ከወጋሽ ጣትሽን አትጭመቂው። በውሃና በሳሙና እጠቢውና በዚያው ሰዓት አሳውቂ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ነው የሚሠራው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ ሲጀመርም 28 ቀን ነው የሚወሰደው። አፍረው ዝም ያሉ ተማሪዎች አይቻለሁ። ማፈር አያስፈልግም።

ያልኩሽን ሁሉ አድርገሽም የማይፈታ ነገር አለ። ጓንት የሌለበት ዋርድ በአንቺ ትጋት ጓንት አይኖረውም። ያልተመደበልሽን አስተማሪ እኔም ልሰጥሽ አልችልም። የመጀመሪያው የሥራ ዓመትም ይከብድሻል፣ ቤትሽ ገብተሽ የምታለቅሽበት ቀን ይኖራል። አንድ በሽተኛ በደንብ ይዞ የወጣ ሰው ግን አሥር ሲሰጠው የትኛውን ቀድሞ ማየት እንዳለበት ያውቃል። ሎግ ቡክ ብቻ የሞላው ከመጀመሪያው አልጋ ይጀምራል።

የቀረው የጓደኛሽ ሐሳብ ነው። በነፃ መሥራቱን አልጠላሁትም፣ ቦታውን ነው የጠላሁት። የሙያ ፈቃድሽን ሳታወጪ ማንም ጋ ገብተሽ ብቻሽን እንዳትሠሪ፣ ነገር ከመጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላም ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ስድስት ወር ብቻሽን ስታድሪ እጅሽ ይፈታል፣ ግን በምን ላይ? ደከመኝ ላለ ሁሉ ግሉኮስ በመስቀልና መርፌ በመውጋት። የሚያርምሽ ሰው ከሌለ ስህተቱም አብሮ ይለመዳል፣ በኋላ ለማስተው ከባድ ነው። የግድ ከሆነ ብዙ አልጋና ብዙ ነርስ ያለበት ሆስፒታል ፈልጊ። ከመግባትሽ በፊት «ማታ ከእኔ ጋር ተረኛ ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። «ብቻሽን ነሽ፣ ከባሰ ስልክ ትደውያለሽ» ካሉሽ አትግቢ።